የአክስቴ እጆች

አባቴ በሰው ፊት መናገር ሞቱ ነው። ሽልማት ሲሰጡት እንኳ "አመሰግናለሁ" ብሎ፣ ማይክራፎኑን እንደ ጋለ ብረት አስረክቦ ይወርዳል። በሕይወቱ ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ማንም ሳያስገድደው፣ በሕዝብ ፊት ቆሞ ልቡ እስኪደርስ ተናግሯል። ሁለቱንም ጊዜ የተናገረው ስለ አክስቴ እጆች ነው። በመጀመሪያው ጊዜ እኔ ገና አልተወለድኩም፤ ታሪኩን ያገኘሁት ከእናቴ ነው። በሁለተኛው ጊዜ ግን እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነበርኩ። አክስቴን በመኪናዬ ይዣት የሄድኩትም እኔ ነኝ።

አባቴ በማይክሮዌቭ ሥራ የታወቀ ሰው ነው ሲባል ሰው ሁሉ የሚመስለው ምግብ ማሞቂያው ነው። አንዲት ጎረቤታችን እንዲያውም የተበላሸ ማሞቂያዋን አቅፋ መጥታ፣ "ኢንጂነር፣ ይህ ነገርዎ ይዞራል እንጂ አያሞቅም" ብላዋለች። አባቴ ማሞቂያ ሠርቶ አያውቅም። ግን ሰው አሳፍሮ መመለስ አይሆንለትም፤ ከፍቶ ጠገነላት። ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ማሞቂያ በሙሉ እኛ ሳሎን ተሰለፈ።

የእሱ ሥራ ሌላ ነው። ድምፅ ከአንዱ ኮረብታ ወደ ሌላው ኮረብታ በማይታይ ሞገድ ሲሻገር መንገድ ላይ ይደክማል። አባቴ የፈለሰፋት ቱቦ የደከመውን ሞገድ ትቀበልና ጉልበት ሰጥታ ወደሚቀጥለው ኮረብታ ታሳልፈዋለች። ክንድ የምታህል ቀጭን የመስታወት ቱቦ ናት፤ ውስጧ አየር የሚባል ነገር የለም። ሠራተኞቹ "ሸምበቆ" አሏት፣ ስሙም ጸደቀ። ከሸምበቆ በፊት ሩቅ ላለ ዘመድ መደወል ማለት ጠዋት ተመዝግቦ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ ከሰዓት በኋላ ሰፈር እስኪሰማ መጮህ ነበር። ከሸምበቆ በኋላ ሰው ሩቅ ካለ ዘመዱ ጋር በሹክሹክታ ማማት ቻለ። ይህን የመሰለ ውለታ ለሰው ልጅ የዋለ ጥቂት ነው።

በመስታወቱ ውስጥ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ እንደ እስክሪብቶ ሞላ ተጠምዝዞ ይዘረጋል። አንዱ ጥምዝ ከሌላው ጥቂት ራቅ ወይም ጠጋ ካለ ቱቦዋ ታፏጫለች እንጂ አትሠራም። ይህን ሽቦ መጀመሪያ የጠመዘዘችው አክስቴ ናት፣ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ በሹራብ መሥሪያ መርፌ። አክስቴ የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ እናትና አባታቸው ሲሞቱ እሱ ነው ያሳደጋት። ቀን ቀን ሬዲዮ እየጠገነ ያበላታል፤ በትርፍ ሰዓቱ ሕልሙን ሲያሳድድ ደግሞ እሷ ከትምህርት ቤት መልስ ሽቦ ትጠመዝዝለታለች። በኋላ ፋብሪካው ሲከፈት ነጭ ጋወን አልብሶ የመጀመሪያዋ ሠራተኛ አደረጋት። እጇ አይንቀጠቀጥም፣ ትንፋሿን ይዛ መሥራት ትችላለች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያን ሥራ ትወደው ነበር። "እጀ ወርቅ" ይሏት ነበር። ከፋብሪካው ሰው ሁሉ አባቴን "ጋሼ" የምትለው እሷ ብቻ ናት፤ ለሌላው "ኢንጂነር" ነው።

ሸምበቆ አንድ ክፉ አመል አላት። በአንደኛው ጫፏ "ልብ" የሚሏት በነጭ ዱቄት የተቀባች ቁራጭ ብረት አለች። ይህቺ ልብ ስትግል ኤሌክትሮን ትረጫለች፤ የቱቦዋ ጉልበት የሚመጣው ከእሷ ነው። ትንሽ ቆሻሻ ከነካት ግን ትመረዛለች፣ ቱቦዋም ዕድሜ አይኖራትም። ስለዚህ የአባቴ ፋብሪካ ከቀዶ ሕክምና ክፍል የባሰ ነበር። ሽቶ የተቀባ አይገባም። ፀጉሩን ቅባት የነካ አይገባም። መስታወት እየነፋ ቱቦ የሚሠራ አንድ ሠራተኛ በሠርጉ ማግስት ሲመጣ "ሽቶ ሽቶ ትላለህ" ብሎ ከበር መልሶታል። ግድግዳው ላይ አባቴ በራሱ እጅ በቀይ ቀለም ሕግ ጽፎ ነበር፤ አንዱ ሕግ "ነሐስ ወደ ምድጃ አይገባም" ይላል። ነሐስ አየር በሌለበት ሲግል ተን ይተነፍሳል፣ ያ ተን ደግሞ ለልቧ መርዝ ነው። ይህን የፋብሪካው ዘበኛ እንኳ ያውቅ ነበር።

ታዲያ አንድ ዓመት ሸምበቆዎች መሞት ጀመሩ። ኮረብታ ላይ በተሰቀሉ በጥቂት ወራቸው ድምፃቸው እየሰለለ ይጠፋል። ገዢዎች ተቆጡ፣ አባቴ ከሳ፣ ፋብሪካው ሊዘጋ ነው ተባለ። አባቴ ውሃውን መረመረ፣ መስታወቱን መረመረ፣ ዱቄቱን መረመረ። በመጨረሻ ያልተመረመረ የሰው እጅ ብቻ ቀረ። የአንዳንድ ሰው ላብ ብረት ያዝጋል፤ በዚህ ሙያ የታወቀ ነገር ነው። የንጽሕና ጉዳይ አይደለም፣ ተፈጥሮ ነው። አባቴ ሠራተኛውን ሁሉ በተወለወለ ብረት ላይ አምስት አምስት ጣቱን እንዲያሳርፍ አደረገ። በነጋታው የሁሉም ብረት እንደነበረ ነው። የአክስቴ ብረት ላይ ግን አምስት የዝገት ጣቶች በቅለው አደሩ።

እዚህ ላይ ነው አባቴን ልምረው የማልችለው። ለብቻዋ ሊጠራት ይችል ነበር። "እህቴ፣ እጅሽ እንዲህ ሆኖብናል፣ ሌላ ክፍል ትሠሪያለሽ" ቢላት እሺ ትለው ነበር፤ እሱ ያላትን አልፋ አታውቅም። እሱ ግን ለዘመዱ ያዳላል እንዳይባል ፈራ። ሐሜት ፈርቶ ሠራተኛውን በሙሉ ግቢ ውስጥ ሰበሰበ፣ ብረቱን ከፍ አድርጎ አሳየ፣ "ሸምበቆን የገደላት ይህ እጅ ነው። የእህቴ እጅ ነው። ለእህቴም ቢሆን አላዳላም" አለ። እሷ እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሌባ መሐል ላይ ቆማለች። እናቴ እንደነገረችኝ አላለቀሰችም። ጋወኗን አወለቀች፣ አጣጥፋ ወንበሯ ላይ አስቀመጠች፣ ወጣች። ሰው ሁሉ "ፍርድ ማለት እንዲህ ነው!" እያለ አባቴን አደነቀው። አባቴም፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ራሱን አደነቀ።

እሷ በወጣች ሰሞን የተሠሩት ሸምበቆዎች አንዳቸውም አልሞቱም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? እጀ ወርቅ የነበረችው "ዝገት" ተባለች። ዘመድ ቤት ስትሄድ ሴቶቹ "ቢላዋውን አንሱት፣ ዝገት መጣች" እያሉ ይቀልዱ ነበር። ቀልድ ነው፤ ግን ቢላዋውን እውነትም ያነሱታል። ሰፈር ቀየረች። እጇ ቢያዝግ ባያዝግ ማንም የማይጠይቅበት ሥራ ፈልጋ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ሆነች። አገባች፣ ወለደች፣ ባሏን ቀበረች። እኛ ቤት የምትመጣው ሲለቀስ ብቻ ነው። ስትመጣም ራቅ ብላ ትቀመጣለች፣ አባቴን "እርስዎ" ትለዋለች።

እኔ የጥርስ ሐኪም ነኝ። ባለፈው ዓመት አንድ ከሰዓት በኋላ አባቴ ሳይቀጠር ክሊኒኬ መጣ። ወንበሩ ላይ ወጥቶ ተጋደመ። መብራቱን አበራሁና "በል አፍህን ክፈት አባዬ" አልኩት።

ከፈተና "ጥርሴን አይደለም" አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የምርምር ተቋም አዲሱን አዳራሹን በአባቴ ስም ሊሰይም ነበር። ለበዓሉ እንዲሆን ወጣቶቹ ተመራማሪዎች በዚያ ክፉ ዓመት ከሞቱት ሸምበቆዎች አንዷን ከመጋዘን አውጥተው ሰነጠቁና በዛሬው መሣሪያ ልቧን መረመሩ። የሞተችው በላብ ጨው አይደለም። ልቧ ላይ ያገኙት ዚንክ ነው፤ ያ ደግሞ የነሐስ እስትንፋስ ነው። ልጆቹ አስደሳች እንቆቅልሽ ያገኙ መስሏቸው እየሳቁ አባቴ ዘንድ ሄዱ። "ኢንጂነር፣ ሕጉን በቀይ ቀለም ጽፈውት ሳለ ነሐሱ ከየት የገባ ይመስልዎታል?" አሉት።

"ከየት እንደገባ አውቃለሁ" አለኝ የክሊኒኬን ጣሪያ እያየ። "እኔ ነኝ ያስገባሁት።"

በዚያ ክፉ ዓመት መግቢያ ላይ፣ ሸምበቆ ለእንግዶች የምትታይበት ትልቅ ቀን ሊደርስ ሲል፣ ምድጃው ውስጥ ልቧን ደግፎ የሚይዘው የብረት መያዣ ተሰነጠቀ። ሌላ እስኪመጣ የሚጠበቅበት ጊዜ የለም። አባቴ ሞረድ አነሳና ከነሐስ ቁራጭ ራሱ ሞርዶ አንድ መያዣ ሠራ። "ለጊዜው ነው" አለ። ሕግ አውጪውን ሕጉ የማይመለከተው መስሎታል መቼም። ማሳያው አማረ፣ እንግዶች ተደሰቱ፣ መያዣው ተረሳ። ለጊዜው የተባለ ነገር ታውቁታላችሁ፤ ቤት ሠርቶ ይቀመጣል። አክስቴ በወጣች ሰሞን መካኒኩ ዕቃ ሲያድስ አሮጌውን ጥሎ ብረት ተካበት። ሸምበቆዎቹ የዳኑት በዚህ ነው። የአክስቴ ላብ ብረት ማዛጉ እውነት ነው፤ ግን እሷ የነካችው ዕቃ ሁሉ ከምድጃ በፊት ይታጠብ ስለነበር ጨዉ ልቧ ዘንድ ደርሶ አያውቅም።

"እጇ ንጹሕ ነበር" አለ አባቴ። እንባው በጆሮ ግንዱ በኩል ወደ ወንበሬ ፈሰሰ። አንጀቴን በላኝ። ቆሽቴም አረረ። ሁለቱም አንድ ላይ ይሆናል እንዴ? ይሆናል።

"ሂድና ንገራታ" አልኩት።

"እሄዳለሁ።"

አልሄደም። መጀመሪያ ጉልበቱን አመመው። ከዚያ ዝናቡ እስኪያባራ ጠበቀ። ከዚያ "ባዶ እጄን እንዴት እሄዳለሁ፣ ምን ይዤላት ልሂድ?" ብሎ ሱቅ ለሱቅ ሲዞር ሰነበተ፤ አንድ ቀን ሻርፕ ገዛ፣ በማግስቱ ቀለሙ አይሆናትም ብሎ መለሰው። ያን ሁሉ የማይታይ ሞገድ የገራ ሰው የአንድ እህቱን በር ማንኳኳት አቃተው። ተመራማሪዎቹ ያውቃሉ፣ እኔ አውቃለሁ፣ ባሌ ያውቃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ የማታውቀው አክስቴ ብቻ ናት። ቆጣ ስልበት "እንግዲያው በዓሉ ላይ አምጪልኝ። እዚያ ከመጣችልኝ አነጋግራታለሁ" አለኝ። ጥግ ይዘው ሁለት ሽማግሎች ሲነጋገሩ ታየኝና ደስ አለኝ።

አክስቴ የምትኖረው ከልጇ፣ ከምራቷና ከልጅ ልጇ ጋር ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ደጃፏን የረገጥኩት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር፤ ይህ ደግሞ የእኛ ቤት ሌላው ነውር ነው። የልጅ ልጇን ፀጉር እየጎነጎነች አገኘኋት። ጣቶቿ ሲሄዱ ብታዩ! ዓይኗ እኔ ላይ ነው፣ ጣቶቿ ግን አንዲት ዘለላ አይስቱም። የጥሪ ካርዱን ሰጠኋት።

"እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ?" አለች።

"ወንድምሽ ነው እኮ አክስቴ። ደግሞ የሚነግርሽ ነገር አለው።"

"ይንገረኛ። ቤቴ በር አለው።" ከዚያ ሳቅ አለች። "አባትሽ እኮ መናገር አይሆንለትም። እኔ ስልክ ቤት ሳለሁ ይደውል ነበር። 'የት ላገናኝዎ?' እለዋለሁ፣ 'የኮረብታውን ጣቢያ' ይለኛል። አገናኘዋለሁ፤ የጣቢያው ሰው 'ሃሎ' ሲል ይዘጋዋል። ሌላ ጊዜም እንደዚሁ።"

"አንቺ መሆንሽን ያውቅ ነበር?"

"ያሳደገኝ ሰው ድምፄን ያጣዋል? እኔም አውቀዋለሁ፣ እሱም ያውቀኛል። አንዳንዴ ሳላገናኘው፣ ዛሬስ ይናገር ይሆናል ብዬ ገመዱን ሳልነቅል ዝም ብዬ እቆያለሁ። ትንፋሹ ይሰማኛል። ምስጋና ለሸምበቆው፣ ትንፋሽ እንኳ ጥርት ብሎ ነው የሚሰማው።"

ልጅቷን ውሃ አምጪልኝ ብላ ላከቻትና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እመጣለሁ። ወንድሜ ሲከበር ማየት ለምን አልፈልግም? አንድ ነገር ብቻ አደራ። ልጄም ምራቴም ያንን ታሪክ አያውቁም። ወንድሜ ኢንጂነር፣ እኔ የስልክ ቤት ሠራተኛ፤ እነሱ የሚያውቁት ይኼን ብቻ ነው። ከዚያ ቤት እንዴት እንደወጣሁ፣ ምን እንዳሉኝ አልነገርኳቸውም። ባሌ እንኳ ሳያውቅ ነው የሞተው። ይህን እንዳትነኩብኝ።"

"ማን ይነካብሻል?" አልኳት።

"ቃል?"

"ቃል።"

ለአባቴ ነገርኩት። ቃል በቃል ነገርኩት፦ ልጆቿ አያውቁም፣ እንዲያውቁም አትፈልግም፣ ለብቻዋ አነጋግራት። "ገብቶኛል" አለ። የበዓሉ ዕለት ጠዋት አባቴ ቤት ስደርስ፣ መታጠቢያ ቤት ሲላጭ ለብቻው ሲያነበንብ ሰማሁት። "እህቴ" የሚል ቃል ጆሮዬ ጥልቅ አለ። በሩን ላንኳኳ እጄን ካነሳሁ በኋላ ተውኩት። ምስጋና ሊያቀርብ ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩ፤ ይህን ማድረግ ደግሞ ከማን እንደወረስኩ ግልጽ ነው።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። አክስቴ ጥቁር ሰማያዊ ልብሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ከፊተኛው ረድፍ ተቀምጣለች። በአንድ ጎኗ እኔ፣ በሌላ ጎኗ ልጇ፣ ምራቷና ያቺ የተጎነጎነች ልጅ። የተሰነጠቀችው ሸምበቆ በመስታወት ሳጥን ውስጥ መድረኩ ላይ ተቀምጣለች። አክስቴ ስታያት ፈገግ ብላ "ምን አሳነሳት? ያኔ ትልቅ ነበረች" ብላ ጆሮዬ ላይ ሹክ አለችኝ።

አባቴ ወጣ። ተጨበጨበ። ሁላችንም "አመሰግናለሁ" ብሎ እስኪወርድ ጠበቅን። እሱ ግን ማይክራፎኑን በሁለት እጁ ያዘ።

"ሰው የሚያከብረኝ ባልተሳሳትኩት ነገር ነው" አለ። "ዛሬ የተሳሳትኩትን ልንገራችሁ።"

ክው አልኩ። አክስቴ ገና አልገባትም፤ ወንድሟ አፉን ፈትቶ በመናገሩ ደስ ብሏት አንገቷን ቀና አድርጋ ታያለች። እሱ ቀጠለ። የሞቱትን ቱቦዎች ተናገረ፣ የተወለወለውን ብረት ተናገረ፣ አምስቱን የዝገት ጣቶች ተናገረ። ግቢ ውስጥ ሰው ሰብስቦ ምን እንዳለ ተናገረ። "ዝገት አሏት" አለ። "የገዛ እህቴን ሰው ዝገት ሲላት ዝም አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ነሐሱን ያስገባሁት እኔ ነኝ። የእኔን ጥፋት በእሷ እጅ ላይ ለጠፍኩት።" ከዚያ ወደ እኛ ዞረ። "እህቴ እዚህ አለች። ይህቺውና፣ ፊት ለፊት። እህቴ ተነሽ። እጅሽን ከፍ አድርጊና አሳያቸው፤ ንጹሕ ነበር!"

አክስቴ አልተነሳችም። የአዳራሹ ዓይን በሙሉ ጭኗ ላይ ወደቀ። ሁለት እጇን ቀስ ብላ ከቦርሳዋ ሥር አስገባች። ልጇ ወደ እሷ ጎንበስ ብሎ "እማዬ፣ ምንድን ነው የሚሉት? ተባርረሽ ነው እንዴ?" ሲላት ሰማሁ። የልጅ ልጇ ደግሞ፣ ልጅ ናትና፣ አንዱን እጅ ከቦርሳው ሥር ጎትታ አወጣችና ዝገት ይኖርበት እንደሆነ መዳፏን ገልብጣ አየች።

በዚህ መሐል አንድ ሰው ከኋላ ማጨብጨብ ጀመረ። ከዚያ ሁሉም። አንዱ ሲነሳ ሌላው ተነሳ፣ አዳራሹ በሙሉ ቆመ፤ እኔም ቆምኩ። ከጎኔ ያለች ሴት እንባዋን ትጠርጋለች። "እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል!" ይላል አንዱ። አባቴ መድረኩ ላይ እያለቀሰ፣ ሸክም ያወረደ ሰው ፊት ይታይበታል። ቁጭ ያለችው አክስቴ ብቻ ነበረች።

ስንወጣ አባቴ መተላለፊያው ላይ አክስቴን ደረሰባት። እኔና ልጇ ከኋላዋ ነን። አንድ ካሜራ ያንጠለጠለ ወጣት ቀድሞ መጥቶ "እማማ፣ እጆችዎን አንድ ጊዜ ቢያሳዩን? ለጋዜጣ ነው" ይላታል። ልጇ በክርኑ ገፋው። አባቴ ትንፋሽ አጥሮት፣ ዓይኑ ገና እንደረጠበ፣ ክንዷን ያዘ።

"ስምሽን መለስኩልሽ" አላት።

አክስቴ እጁን ከክንዷ ላይ አነሳችው። አልመነጨቀችውም፤ እንደ ዕቃ ነው ያነሳችው።

"የቱን ስም ነው የመለስክልኝ ጋሼ?" አለችው። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ "ጋሼ" ስትለው የመጀመሪያዋ ነው፣ እሱም ፊቱ ሊበራ ሲል ቀጠለች። "ዝገት ያሉኝ ሰዎች ሞተው አልቀዋል። ያልሞቱትም ረስተውታል። አንተ ነህ ያስታወስካቸው። ያኔ የሰሙት የፋብሪካ ሰዎች ናቸው፤ ዛሬ የሰማው ልጄ ነው።"

"ጥፋቴን ልመን ብዬ እኮ ነው። ይቅርታ ልጠይቅሽ…"

"እኔን ጠየቅከኝ? መቼ? እነሱን ነው የጠየቅከው። እነሱም ይቅር ብለውሃል፣ ቆመው አጨበጨቡልህ። ከእኔ ምን ቀረህ?"

አባቴ አፉን ከፈተ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንደ ውሃ ሲፈስ የነበረው አንደበት ለአንድ ሰው ሲሆን ደረቀ። አክስቴ ጥቂት ጠበቀችው። ስልክ ቤት ሳለች ገመዱን ሳትነቅል የቆየችውን ያህል ጠበቀችው ማለት እችላለሁ። ከዚያ "ደህና ይሁኑ" ብላው ሄደች።

ወደ ቤት የማደርሳቸው እኔ ነበርኩ፤ ልጇ ግን ታክሲ አስቁሞ ነበር። በሩን ከፍቼላት ስትገባ ጎንበስ አልኩ። ምን ልላት እንደነበር አላውቅም። አደራሽን አልበላሁም፣ ነግሬው ነበር፣ ልል ይሆናል። አክስቴ ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"አንቺም አጨበጨብሽ" አለችኝ። "አጠገቤ ሆነሽ።"

ታክሲው ሄደ። እጆቼ ጎንና ጎኔ ተንጠልጥለው ቀሩ፤ እውነቷን ነው፣ አጨብጭቤ ነበር። ስቆም አብረው ተነስተው፣ እኔ ሳላውቃቸው፣ ከሁሉ ሰው ጋር አጨብጭበዋል።

መኪና ውስጥ አባቴ ቀበቶውን ማሰር አቅቶት ሲታገል ቆየ። አሰርኩለት። ጥቂት ከሄድን በኋላ ወደ መስኮቱ ዞሮ "መጨረሻ ላይ ምን አለችሽ?" አለኝ።

እውነቱን ልነግረው ይገባ ነበር፤ ለብቻው፣ እዚያው መኪና ውስጥ፣ ማንም ሳይሰማ።

"ደህና ግቡ ነው ያለችኝ" አልኩት።